ስም ርስት ነው ወይስ አደራ?

በጅቡቲ ከተማ የመንግሥት ቅጽ ለመሙላት ብዕር ያነሣ ኢትዮጵያዊ ገና ከመጀመሪያው መስመር ላይ እንቅፋት ይገጥመዋል። ቅጹ በፈረንሳይኛ የተዘጋጀ ነው። በአንደኛው ክፍት ቦታ የቤተሰብ ስም፣ በሌላው የግል ስም እንዲጻፍ ይጠይቃል። ሰውየው ግን የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለውም። ያለው የራሱ ስምና የአባቱ ስም ነው፤ ሲያስፈልግም የአያቱን ይጨምራል። ከመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠው ጸሐፊ ይጠብቃል፤ ከኋላ የተሰለፈውም ሰው ይጠብቃል። ስለዚህ ኢትዮጵያዊው ብዙ ሳያስብ የአባቱን ስም ለቤተሰብ ስም በተተወው ቦታ ላይ ያሰፍራል። በዚያች ቅጽበት አባቱ ሰው መሆናቸው ይቀርና ቤት ይሆናሉ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ የጽሕፈት ጉዳይ ነው ተብሎ ሊታለፍ በተቻለ ነበር። የኅሊና ጥያቄ የሚሆነው ልጅ ሲወለድ ነው። ለምሳሌ ያህል፣ ዓለሙ ተሰማ የሚባል አባት ሴት ልጁን ሰላም ብሎ ሰየማት እንበል። በአገሩ ልማድ ልጅቱ «ሰላም ዓለሙ» ናት። በቅጹ ሥርዓት ግን የአባትየው የቤተሰብ ስም «ተሰማ»፣ የልጅቱ ደግሞ «ዓለሙ» ስለሚሆን አባትና ልጅ በወረቀት ላይ ባዕዳን ይሆናሉ፤ በአውሮፕላን ማረፊያ በር ላይም «ይህች ልጅ በእርግጥ ያንተ ናት?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ይህን ለማስቀረት «ሰላም ተሰማ» ብሎ ቢያስመዘግባት ደግሞ የእርሱ ስም ከልጁ ስም ላይ ጨርሶ ይጠፋል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ስም የሚያነብ ሰውም የዓለሙ እኅት እንጂ ልጅ አትመስለውም። እንግዲህ ለአባት ሁለት ምርጫ ቀርቦለታል፤ ወይ የልጁ ልጅነት እንዲጠረጠር፣ ወይ የእርሱ አባትነት እንዲዘነጋ።

ለዚህ ምርጫ መልስ ከመፈለግ በፊት አንድ ሌላ ጥያቄ መቅደም ይኖርበታል። ለመሆኑ ስም የማን ነው? ከአባት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ሳይለወጥ የሚተላለፍ የቤት ርስት ነውን? ወይስ እያንዳንዱ ትውልድ ተቀብሎ የሚጠብቀው፣ ጊዜው ሲደርስም ለተከታዩ ቦታ የሚለቅበት አደራ? የአውሮፓ ሥርዓት ለመጀመሪያው፣ የኢትዮጵያ ልማድ ለሁለተኛው የሚያደላ ይመስላል። ይሁን እንጂ ጠጋ ተብሎ ሲታይ ነገሩ ከዚህ የተወሳሰበ ነው።

እንግሊዞችም ቢሆኑ የቤተሰብ ስም ከጥንት ጀምሮ የነበራቸው ሕዝብ አይደሉም። ኖርማኖች አገሪቱን በ1066 ከመያዛቸው በፊት አብዛኛው ሰው የሚጠራው በአንድ ስም ብቻ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሦስት መቶ ያህል ዓመታት፣ ግብር የሚሰበስበውና መሬት የሚመዘግበው ጸሐፊ አንዱን ዮሐንስ ከሌላው ዮሐንስ ለመለየት ተጨማሪ መጠሪያ ይጽፍ ጀመር። መጠሪያው የሚቀዳው ከአባት ስም፣ ከመኖሪያ ቦታ፣ ከሙያ፣ አለዚያም የሰውየውን መልክና ጠባይ ከሚገልጽ ቃል ነበር። «ጆንሰን» የዮሐንስ ልጅ ማለት ነው፤ «ስሚዝ» ደግሞ ብረት ሠሪ ማለት ነው። በኢትዮጵያ ብረት ሠሪነት ለብዙ ዘመን መሰደቢያ ሆኖ ስለኖረ፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1908 ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። በእንግሊዝ ግን ያው ሙያ ከሁሉ የበዛው የቤተሰብ ስም ሆኖ ቀረ። ስለዚህ የስም ክብር ከመነሻው ትርጉም ውስጥ ተፈልጎ አይገኝም፤ ክብሩ የሚመጣው በስሙ ከተጠሩት ሰዎች ሥራ ነው።

ከእንግሊዝ የቤተሰብ ስሞች መካከል በአገሩ ብዙም የማያጋጥም፣ ነገር ግን ብዙ ኢትዮጵያውያን አንባብያን የሚያውቁት አንድ ስም አለ፤ ይኸውም ፓንክረስት ነው። የደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ፣ በተለይም የሰሴክስ አካባቢ ስም ነው። ስለ ትርጉሙ ሁለት አስተያየት ይቀርባል። አንደኛው ከቦታ ያመጣዋል፤ «ኸርስት» በጥንታዊ እንግሊዝኛ በዛፍ የተሸፈነ ኮረብታ ማለት ሲሆን፣ በዚያ አካባቢ በዚህ ቃል የሚያልቁ የመንደር ስሞች ብዙ ናቸው። ሁለተኛው አስተያየት «ጰንጠቆስጤ» ከሚለው ቃል ጋር ያያይዘዋል፤ በበዓለ ሃምሳ የተወለደ ሕፃን በበዓሉ ስም ይጠራ ስለነበር፣ ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ቅርጹን ለውጦ የቦታ ስም መሰለ ይላል። ልጁን «ትንሣኤ» ወይም «ፋሲካ» ብሎ ለሚሰይም ኢትዮጵያዊ ይህ ሁለተኛው ትርጉም እንግዳ አይሆንበትም።

ይህን ስም ለዓለም ያስተዋወቁት ግን በስሙ የተወለዱ ሰው አልነበሩም። ኤመሊን ጉልደን በ1879 የማንቸስተሩን ጠበቃ ሪቻርድ ማርስደን ፓንክረስትን ሲያገቡ፣ በአገራቸው ልማድ የአባታቸውን ስም ትተው የባላቸውን ያዙ። ባላቸው በ1898 ሞቱባቸው። ኤመሊን በ1903 ለሴቶች የመምረጥ መብት የሚታገል ማኅበር ማንቸስተር ውስጥ መሠረቱ፤ ደጋግመው ታሰሩ፤ በእስር ቤትም የረሃብ አድማ መቱ። በ1918 ዕድሜያቸው ሠላሳ ዓመት የሞላ ብዙ ሴቶች፣ በ1928 ደግሞ ሴቶች ሁሉ ከወንዶች እኩል የመምረጥ መብት አገኙ። በአማርኛ ጥሩ ልጅ አባቱን ያስጠራል ይባላል። እዚህ ግን ስሙን ያስጠሩት በጋብቻ የገቡ ሴት ናቸው። ስም በደም ብቻ የሚወረስ ርስት ቢሆን ኖሮ ይህ ሊሆን ባልቻለ ነበር።

ኤመሊንና ባላቸው አምስት ልጆች ወልደዋል። ከሁለቱ ወንዶች አንደኛው በሕፃንነቱ፣ ሌላው በሃያ ዓመቱ ሞተ። ከሦስቱ ሴቶች ክሪስታቤል አላገቡም፤ አዴላ አውስትራሊያ ገብተው በጋብቻ የባላቸውን ስም ያዙ። በእንግሊዝ ሥርዓት ከሄድን የዚህ ቤት ስም ከዚያ ላይ ማብቃት ነበረበት። እንዳያበቃ ያደረጉት ሲልቪያ ናቸው። ሲልቪያ ከጣሊያናዊው ስደተኛ ከሲልቪዮ ኮርዮ ጋር ቢኖሩም ጋብቻን በመርሕ አልተቀበሉም። በዲሴምበር 1927፣ በአርባ አምስት ዓመታቸው፣ ወንድ ልጅ ሲወልዱም የራሳቸውን የቤተሰብ ስም ሰጡት። ይህ በዚያ ዘመን እንግሊዝ ታላቅ ነውር ነበር። ቀድሞም በፖለቲካ ከልጃቸው ጋር የተለያዩት ኤመሊን ሳይታረቁ በጁን 1928 ሞቱ። ነገሩ የሚያስገርመው እዚህ ላይ ነው። እናት የቤቱን ስም አዋረደ ያሉት ሥራ፣ ያንኑ ስም ከመጥፋት ያዳነ ሥራ ሆኖ ተገኘ።

ይህ ስም ከኢትዮጵያ ዕጣ ጋር በጽኑ የተሳሰረው የጅቡቲ ወደብ የአንድ ታላቅ ስደት በር በሆነበት ሰሞን ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሥተው ጅቡቲ ከደረሱ በኋላ፣ ሜይ 4 ቀን 1936 «ኢንተርፕራይዝ» በተባለው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው ሄዱ። በማግሥቱ የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ ገባ። ሲልቪያ ለኢትዮጵያ የሚሟገተውን «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለ ጋዜጣቸውን ማሳተም የጀመሩት በዚያው ወር ነበር። በ1956 ከልጃቸው ጋር መጥተው አዲስ አበባ ላይ ተቀመጡ፤ በ1960 ዐርፈው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ። ለቀብራቸውም «ወለተ ክርስቶስ» የሚል ስም ተሰጣቸው። ያን ሁሉ ጠብ ያስነሣው የቤተሰብ ስም ለፍትሐቱ አላስፈለገም፤ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ልማድ ሰው በጸሎት የሚታሰበው በክርስትና ስሙ ብቻ ነውና።

ልጃቸው ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሆኑ። ወደ ሮም የተወሰደው የአክሱም ሐውልት እንዲመለስ ለዓመታት ተሟገቱ፤ ሐውልቱም በ2005 ተመለሰ። በ2017 ሲሞቱ እርሳቸውም በቅድስት ሥላሴ ተቀበሩ። ወንድ ልጃቸው አሉላ ይባላሉ። «አሉላ ፓንክረስት» የሚለው ስም በሁለት ሥርዓቶች መጋጠሚያ ላይ የቆመ ነው። በኢትዮጵያ ልማድ ቢሆን ኖሮ ልጁ «አሉላ ሪቻርድ»፣ አባቱ «ሪቻርድ ሲልቪዮ»፣ አያቱም «ሲልቪያ ሪቻርድ» ይባሉ ነበር። ከሰሴክስ ተነሥቶ በማንቸስተርና በለንደን በኩል አዲስ አበባ የደረሰው ስም፣ በዚህ ልማድ ቢዳኝ ገና ከመንገዱ መጀመሪያ ላይ በቀረ ነበር። ታዲያ ምን ይጎድል ነበር? ሥራው አይጎድልም፤ የሚጎድለው ሥራውን ከሥራ ጋር የሚያያይዘው ክር ነው። የማንቸስተሯ እስረኛና የአዲስ አበባው ታሪክ ጸሐፊ አያትና የልጅ ልጅ መሆናቸውን አንባቢ የሚረዳው በዚያ ክር ነው።

የቤተሰብ ስም ትልቁ ሙግት ይህ ነው። ከሞት በኋላ የሚቀር ክር ይሰጣል። በአንጻሩ የኢትዮጵያ ልማድ የራሱ ሙግት አለው። አንደኛ፣ ኢትዮጵያዊት ሴት ብታገባም ብትፈታም በአባቷ ስም እንደተጠራች ትኖራለች። ኤመሊን በጋብቻቸው ዕለት የተዉትን ስም ያልተማረችው የጎጃም ገበሬ አልተወችም። ሁለተኛ፣ ልማዱ ትሕትና አለው። ዘሩን የሚቆጥር ሰው እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል፤ ቆጠራው ግን በአፍ ነው እንጂ እንደ ማኅተም ከስሙ ላይ ተለጥፎ አይዞርም። ጀግናውም ቢሆን የፈረስ ስሙን ለልጁ አያወርስም። አባ ታጠቅ ቴዎድሮስ ናቸው፤ አባ ዳኘው ምኒልክ ናቸው፤ አባ ነጋ ራስ አሉላ ናቸው። ልጅ የራሱን ፈረስ ራሱ መጋለብ ነበረበት።

ይህም ሆኖ ልማዱ እንከን የለውም ማለት አይደለም። እናት በልጇ ስም ውስጥ ቦታ የላትም። በጅቡቲ ከተማ በሰው ቤት ተቀጥራ እየሠራች፣ አባቱ ጥሎት የሄደ ልጅ የምታሳድግ አንዲት ኢትዮጵያዊት ቅጹ ፊት ስትቆም ይህ ጉድለት ራቁቱን ይወጣል። በአገር ቤት ለእንዲህ ያለው ልጅ የሚደረግለት መላ አለ፤ የእናቱ አባት ስም እንደ አባት ስም ይሰጠዋል። መላው የደግነት ሥራ ነው፤ ልጁ «አባትህ ማን ነው?» ሲባል አንገቱን እንዳይደፋ ያደርጋል። በወረቀት ላይ ግን እናትን የልጇ እኅት ያደርጋታል። ሲልቪያ ነውር ቢባሉም ልጃቸውን በራሳቸው ስም ማስጠራት ችለዋል፤ የቤተሰብ ስም ነበራቸውና። ኢትዮጵያዊቷ እናት ግን ለልጇ የምትሰጠው ስም ከራሷ ቢኖራትም፣ እንዲሰጥ የሚፈቅድ ልማድ የላትም። ሴቲቱን በአባቷ ስም አጽንቶ ያኖረው ልማድ እርሷን ከልጇ ስም አውጥቷታል።

እዚህ ላይ ኢትዮጵያዊው እንግዳ የጅቡቲ ባለቤቶች ከእርሱ የተለዩ እንዳልሆኑ ማስተዋል ይገባዋል። አፋሩም ሆነ ሶማሌው በልማዱ የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም አከታትሎ ይጠራል፤ የዘር ሐረጉን በቃሉ ማወቅም ለሶማሌ ልጅ ከትምህርቱ አንዱ ክፍል ነው። የመጀመሪያው የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሐሰን ጉሌድ አፕቲዶን፣ በ1999 ለተኳቸው ለእስማኤል ዑመር ጌሌ አጎት መሆናቸውን ከስማቸው ብቻ ተነሥቶ ማንም ሊያውቅ አይችልም። የፈረንሳይ አስተዳደር ያመጣው ቅጽ እስከ 1977 ነጻነት ከቆየው ባንዲራ ይልቅ ዕድሜው ረዘመ። አጻጻፉም እንዲሁ ነው፤ «ጃማ» የሚለው አንድ የሶማሌ ስም በጅቡቲ በፈረንሳይኛ ልማድ፣ በሐርጌሳ በእንግሊዝኛ ልማድ፣ ሶማሊያ በ1972 በወሰነችው ፊደል ደግሞ በሌላ መንገድ ይጻፋል። አንድ ስም ያላቸው ሦስት ሰዎች በወረቀት ላይ ሦስት የተለያዩ ስሞች ይዘው ይገኛሉ።

ይኸው ቅጽ ወደ ኢትዮጵያም ለመግባት ሞክሮ ነበር። በ1960 የወጣው፣ ረቂቁን ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ያዘጋጁት የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 ማንኛውም ሰው ከግል ስሙና ከአባቱ ስም ሌላ የቤተሰብ ስም እንዳለው ደንግጓል። ድንጋጌው በወረቀት ላይ ቀረ። እስከ ዛሬ ድረስ ኢትዮጵያዊ ሙሉ ስሙን ሲጠየቅ የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ይናገራል። ሕግ ስም የመመዝገብ ሥልጣን አለው፤ ሰዎች እርስ በርሳቸው የሚጠራሩበትን መንገድ መለወጥ ግን ከሥልጣኑ በላይ ሆነበት።

የቅጹ ጉዳት በተራው ሰው ላይ ብቻ የደረሰ አይደለም። ብዙ የውጭ አገር ጸሐፊዎች ንጉሠ ነገሥቱን «ሥላሴ» ብለው ይጠሯቸዋል፤ ሁለተኛው ቃል የቤተሰብ ስም መስሏቸው ነው። «ኃይለ ሥላሴ» ግን ሁለት ቃል ያለው አንድ ስም ነው፤ ግማሹን ቆርጦ ሰውን በሥላሴ ስም መጥራት ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ከስሕተትም ያለፈ ድፍረት ነው። የዚሁ ንጉሥ የቀድሞ መጠሪያ ደግሞ በሌላ መንገድ ተጉዟል። «ራስ ተፈሪ» የሚለው ስም በ1930ዎቹ ጃማይካ ውስጥ የአንድ እምነት መጠሪያ ሆነ፤ ተሸካሚዎቹም የደም ዝምድና የሌላቸው፣ ኢትዮጵያንም ያላዩ ሰዎች ነበሩ። ርስት ከወራሹ እጅ አይወጣም። አደራ ግን ባልታሰበ ሰው እጅ ሊገባና ሊከበር ይችላል። ስም የትኛውን እንደሚመስል ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

እንግዲህ ወደ ዓለሙና ወደ ሰላም እንመለስ። በውጭ አገር ያሉ አንዳንድ ኢትዮጵያውያን ወላጆች መሃከለኛ መንገድ አግኝተዋል። በካናዳ ተወልዶ በዘፈን ዓለም የታወቀው አቤል መኮንን ተስፋዬ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል፤ የአባቱ ስም ከግል ስሙ ጎን ቆሟል፤ የቤተሰብ ስም ሆኖ የሚያገለግለው ተስፋዬ የሚለው ነው። ዓለሙም እንዲሁ «ሰላም ዓለሙ» የሚለውን ለግል ስም በተተወው ቦታ፣ «ተሰማ» የሚለውን ለቤተሰብ ስም በተተወው ቦታ ላይ ቢያሰፍር፣ ጸሐፊው የሚፈልገውን ያገኛል፤ የአዲስ አበባ ዘመድም ያለ ችግር ያነበዋል። በልደት ምስክር ወረቀቱ፣ በፓስፖርቱና በትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ እንዲጻፍ ብቻ መጠንቀቅ ይኖርበታል። ቅጽ ፊት የሚቆመው ሁሉ ይህን መላ ቢያውቅ ብዙ ድካም ይቀርለታል። አባት የሌለው ልጅ የምታስመዘግብ እናትም ብትሆን፣ ከልጇ ስም ቀጥሎ የራሷን ስም፣ በቤተሰቡ ቦታ የአባቷን ስም ብታሰፍር የሚነካባት ሰው የለም። ልማድ አልፈቀደም ይባል ይሆናል፤ ልማድ ግን ለሰው የተሠራ ነው።

ይሁንና መላው የሚያገለግለው ለአንድ ትውልድ ነው። ሰላም በተራዋ ልጅ ስትወልድ ከሦስቱ ስሞች አንዱ መውጣት አለበት፤ ወይ «ተሰማ» ቤት ሆኖ ይቀርና «ዓለሙ» ይወጣል፣ ወይ ተሰማ ወጥቶ ዓለሙ ቤት ይሆናል። ከዚህ የሚያመልጥ ሥርዓት የለም። የእንግሊዙ ሥርዓት የእናቶችን ስም እያወጣ፣ የኢትዮጵያው የሩቅ አባቶችን እያወጣ ይኖራል። ስለዚህ ለልጅ የሚገባው ዋና ነገር የትኛው ስም እንደ ተጻፈ አይደለም፤ የተጻፈውም የተተወውም ሰው ማን እንደ ነበረ የሚነግረው መኖሩ ነው። ያልተነገረለት የቤተሰብ ስም ከተዘጋ ቤት አይለይም፤ የተነገረለት ግን ከወረቀቱ ላይ ቢወጣም አደራው አልጠፋም።

ሰላም አንድ ቀን በጅቡቲም ይሁን በሌላ ከተማ መስኮት ፊት ቆማ «ተሰማ ማን ነው?» ተብላ ትጠየቅ ይሆናል። «የቤተሰቤ ስም ነው» ብትል ጸሐፊው ይረካል። «የአባቴ የዓለሙ አባት ናቸው፤ እንዲህ ያሉ ሰው ነበሩ» ማለት ከቻለች ግን ዓለሙ በዚያች ዕለት ቅጽ ፊት ያጠፋው ነገር አልነበረም።